ዶራ ስትሠራ አላየኋትም

ኔዘርቢ፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ

ውድ ኖርማን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በራስህ ዐይን ልታነበው እንደማትችል እያወቅሁ ነው። ከጥቅምቱ ስትሮክ ወዲህ ፊደል በፊትህ እንደ ጉንዳን እንደሚበታተንብህ ልጅህ ጊሊያን ነግራኛለች። ቢሆንም እኔ ከወረቀት ሌላ መናገሪያ የሌለኝ ሰው ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ በመጦሪያው መስኮት አጠገብ ከጎንህ ስቀመጥ ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ስለ ሻዩ መቅጠን ሳወራ እቆይና ልናገረው የሚገባኝን ግን ሳልናገረው ይዤው እመለሳለሁ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ከዝምታም የባሰ ነገር አደረግሁ። ዋሸሁህ። ቃል አልወጣኝም፤ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ግን ውሸቱን አያቀለውም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ብዙው የምታውቀው ነው፤ የማታውቀው ግን ከምታውቀው ውስጥ የበቀለ ነው።

በ1958 ስንተዋወቅ አንተ የዌልቢ ርስት የአደን ጠባቂ ረዳት ነበርህ፤ እኔ ደግሞ ለአንድ የአደን መጽሔት ስለ ውሾች የምጽፍ፣ ጫማው ጭቃ የማይነካ ጎረምሳ። በመንደሩ መጠጥ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጠን የጀመርነው ክርክር እነሆ እስካለፈው መስከረም ድረስ አላለቀም ነበር። እኔ ለአዳኝ ከእሾህ ውስጥ ወፍ ከሚያስነሡት የውሻ ዘሮች የስፕሪንገር ወገን ነበርሁ። ፍጥነቱን፣ ድፍረቱን፣ ሜዳውን እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚጠርግበትን አኳኋን እወድለት ነበር። አንተ ደግሞ ያን ከባዱንና ነጩን፣ ራሱ እንደ ዳቦ የተድበለበለውን ዘር፣ ክለምበርን፣ ይዘህ የሙጥኝ አልህ። አንድ ምሽት ብርጭቆህን ወደ ጎን ገፍተህ የነገርኸኝን እስከ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ያንተ ስፕሪንገር እሾሁን በርግዶ ያልፋል፤ አለፈ ማለት ግን ፈተሸ ማለት አይደለም። ኮከር ከሥር ይሾልካል፤ ከገባ በኋላ ለማን እንደሚሠራ ይረሳዋል። ሰሴክስ ወፏን ሳያገኛት በፊት ለመንደሩ ሁሉ ያወራባታል። የዌልሱ ቀይ ደግሞ አንተ ያሳየኸውን ጫካ ትቶ ራሱ ወደመረጠው ይሄዳል።»

«ክለምበርህስ?» አልሁህ።

«ክለምበር እሾሁን ይጠይቃል። መልስ ሳያገኝ አይወጣም።»

«መልሱን እስኪያገኝ እኛ አርጅተን እንሞታለን፣ ኖርማን።»

«ለምሳ የሚጠብቅህ ሰው አለ እንዴ?» ብለህ መጠጥ ቤቱን በሙሉ አሳቅህብኝ።

ያ ሳቅ ሳያናድደኝ አልቀረም። በ1969 መጽሔቱ የሥራ ስፓንየሎችን፣ እነዚህን ወፍ አስነሺ ዘሮች ሁሉ፣ አወዳድሬ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ ስለ ስፕሪንገር ሦስት ገጽ፣ ስለ ኮከር አንድ ገጽ ጻፍሁ፤ የሰሴክስን ጩኸትና የዌልሱን እልኸኝነትም በየአንቀጻቸው አነሣሁ። ክለምበር ዘንድ ስደርስ ግን ብዕሬ መሳቅ አማረው። «ክለምበር እጅግ ያማረ ምንጣፍ ነው፤ ከእሳት ማንደጃ ፊት ሲነጠፍ ቤት ያሞቃል። ወደ ጫካ የሚወስደው ግን ጫካውን ምንጣፍ ሊያለብስ የፈለገ ሰው ብቻ ነው» ብዬ ጻፍሁ። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ ይህን ያህል በሰው አፍ የገባልኝ የለም። የክፍለ ሀገሩ ጠመንጃ ያዥ ሁሉ ደገመው። አንተ መጠጥ ቤት ስትገባ «ኖርማን፣ ምንጣፎችህን ዛሬ አራገፍሃቸው?» የማይልህ አልነበረም። ቡችሎችህን ለመውሰድ ተራ ይዘው የነበሩት ሰዎችም አንድ በአንድ ቀሩ፤ ይህን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ከሟች ባለቤትህ እንጂ ካንተ አልነበረም።

አንተ ያልኸኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሔቱን አጣጥፈህ ኪስህ ከተትህና «ጽሑፉ አምሯል። አሁን ደግሞ መጥተህ እያቸው» አልኸኝ።

አልመጣሁም። በየዓመቱ የአደኑ ወቅት የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ክረምቱን ሙሉ ወፍ ሲያስነሱ የከረሙት ሠራተኞች በተራቸው ጠመንጃ ይዘው የሚያድኑበት ቀን ሲደርስ፣ በደጄ አንዲት ፖስታ ካርድ ትወድቅ ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በአሮጌው በር። ክለምበሮቹ ይሠራሉ። ኖርማን።» ቃሉ ከዓመት ዓመት አይለወጥም ነበር። እኔም በየዓመቱ ሰበብ አላጣሁም። የስፕሪንገሮች ውድድር አለ፤ ጉንፋን ይዞኛል፤ ማረሚያ የመጣ ጽሑፍ አለብኝ። እውነቱን ዛሬ ልንገርህ። ፈርቼ ነው። መጥቼ ውሾችህ ሲሠሩ ባይ የጻፍሁትን ማረም ግድ ይሆንብኛል፤ ሰው ሁሉ የወደደልኝን ያችን ዐረፍተ ነገር በገዛ እጄ መስበር አለብኝ። ስለዚህ አለማየትን መረጥሁ። ፈራጅ ተብዬ በየውድድሩ የክብር ወንበር የተሰጠኝ፣ ሰዎች «ስለ ስፓንየል እሱን ጠይቁት» የሚሉኝ ሰውዬ፣ ከቤቱ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ይሠሩ የነበሩትን ውሾች አንድ ቀን እንኳ አላየም።

ከዚያ ጥቅምት መጣ። የጊሊያን አከራይ ውሻ ስለማይፈቅድ ክለምበርህ ዶራ እኔ ዘንድ ሆነች። አንተ ካረባኸው ዘር የቀረችው እሷ ብቻ እንደሆነች አውቅ ነበር። ከመታመምህ በፊት ከወንዙ ማዶ ካለው ከሬጅ ቶርሊ ጋር መነጋገርህን፣ ጃስፐር የሚባለው አውራ ክለምበሩ ከሩቅ ዘር የመጣና ብርቱ ሠራተኛ መሆኑን፣ በክረምቱ መጨረሻ የዶራ የስሪያ ጊዜዋ ሲደርስ ሊያገናኛቸው መስማማቱን ደግሞ ጊሊያን ነገረችኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ዕድሜዋን ተመልክቶ ከዘንድሮ በኋላ መውለድ እንደማይበጃት ቁርጡን ተናግሯል። «አባዬ ሌላ ያሰበው ነገር አልነበረም፣ አጎቴ ክሌም። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ግድ አልሰጠውም» አለችኝ።

ሬጅ አንድ ደንብ አለው፤ ከአባቱ የወረሰው ነው። ስትሠራ በዐይኑ ያላያትን እንስት ከውሻው ጋር አያገናኝም። አንተ ጤነኛ ብትሆን ይህ ምንም ባልነበረ። ሥራው በእኔ እጅ ወደቀ።

ኅዳርን፣ ታኅሣሥንና የጥርን እኩሌታ ሙሉ ከእሷ ጋር ሜዳ ስወጣ ከረምሁ። ስለ ውሻ አሠለጣጠን የጻፍሁትን ሁሉ ሞከርሁ። ፊሽካ ነፋሁ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ዶራ ቁጢጥ ብላ እንደ ጨዋ እንግዳ ተመለከተችኝ። እጄን ወደ እሾሁ ዘረጋሁ፤ እጄን አየችው። ራሴ ወደ እሾሁ ገብቼ ካፖርቴን ቀደድሁ፤ ከዳር ሆና ጠበቀችኝ። ጊሊያን የምታስታውሰው አንተ ፊሽካ ይዘህ እንደማታውቅ፣ ከጉሮሮህ የሚወጣ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ እንደነበረህና በባርኔጣህ አንድ ነገር ታደርግ እንደነበር ብቻ ነው። በኩሽናዬ ቆመን ሁለታችን እንደ እብድ ስናጉረመርም ዶራ ሥጋ የምንሰጣት መስሏት ጅራቷን ወለሉ ላይ መታች።

በመጨረሻ አንተኑ ልጠይቅ መጣሁ። ከስትሮኩ በኋላ የቀረህ ቃል «ማክሰኞ» ብቻ ነው። ለሻይም ማክሰኞ፣ ለሕመምም ማክሰኞ፣ ለጊሊያንም ማክሰኞ። ፊሽካዬን አውጥቼ በምልክት አስረዳሁህ፤ «ምን ብለህ ነው ወደ እሾህ የምታስገባት?» አልሁህ። ጥያቄው ገብቶህ ነበር፤ ዐይንህ ውስጥ አየሁት። በደኅናው እጅህ ክንዴን ይዘህ፣ ደም ሥርህ እስኪገታተር ታግለህ፣ ላብህ ግንባርህ ላይ ችፍ ብሎ፣ «ማክሰኞ» አልኸኝ። ቀጥለህ በዝግታ ደገምኸው። ከዚያ ፊትህን ወደ መስኮቱ አዞርህ። ሰው በገዛ አፉ ውስጥ ሲታሰር ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ አልነበረም።

በጥር መጨረሻ የዶራ ጊዜዋ ደረሰ። ሬጅ ዓርብ ጠዋት መጣ። ከአሮጌው በር በታች ወዳለው እሾሃማ ረባዳ ወረድን። እዚያ ቦታ ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለት ፌዛንቶች፣ እነዚያ ጅራተ ረጅም የአደን ወፎች፣ እሾሁ ውስጥ እንዳሉ እንኳን ውሻ እኔም መስማት ችያለሁ፤ ቅጠሉን ያንኮሻኩሹታል። ዶራን ለቀቅኋት። አሥር እርምጃ ሄዳ ተቀመጠች፤ ፊቷንም ወደ መንደሩ ወደሚወስደው መንገድ አዞረች። ፊሽካ ነፋሁ። አጉረመረምሁ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ አጠለቅሁ፣ አወለቅሁ። ሬጅ ሁለት እጁን ኪሱ ከትቶ ይመለከተኛል። ሌላ የቀረኝ ነገር ስላልነበረ፣ አታፍርብኝና፣ «ማክሰኞ» አልኋት።

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሚስተር ሃርገሬቭ» አለኝ ሬጅ በትሕትና።

ዶራ ጅራቷን አወዛወዘች፤ አልተነሣችም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፌዛንቶቹ በራሳቸው ፈቃድ ወጥተው በረሩ፤ ሁለታችንም ቀና ብለን አየናቸው።

ሬጅ ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ቤቱ ወሰደን፤ ለዶራ ሣህን ሙሉ ውኃ ሰጣት፤ ለእኔ ሻይ ቀዳልኝ። ጀርባዋንና እግሯን በእጁ ዳሰሰ፣ አፏን ከፍቶ ጥርሷን አየ። «ቆንጆ ናት፤ ይህን ማን ይክዳል? ቆንጆ ብቻ ከሆነች ግን ለውሻ ትርዒት ሰዎች ይስጧት፤ እነሱ አበጥረው ሪባን ያስሩላታል። የእኔ ቡችሎች ገዢዎች አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው። እናቱ ትሠራለች ወይ ነው የሚሉኝ» አለ። ለእኔ ስላልታዘዘች ለአንተ አልታዘዘችም ማለት እንዳልሆነ፣ አንተ ሰውነትህ ደኅና ቢሆን ይህ ሁሉ እንደማይሆን፣ ዘሩ ከእሷ ጋር እንደሚያልቅ ነገርሁት። ለመንሁት ማለት ይቀላል። እሱም ከመሳቢያው ወረቀትና ብዕር አውጥቶ ከፊቴ አኖረልኝ።

«እርስዎ ይጻፉልኝ። ስትሠራ በዐይኔ አይቻታለሁ ብለው፣ በፊርማዎ። እኔ ባላይ እርስዎ አይተዋል። አባቴም እኔም ስናነበው የኖርነው ፊርማ ነው፤ ይበቃኛል።»

አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፣ ኖርማን። ጃስፐር በሩ ማዶ ያለቅሳል፤ ዶራ እግሬ ሥር ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ትሰማዋለች። ሳያይ ለማዋረድ የጻፈ እጅ ሳያይ ለማክበር ቢጽፍ ምን ነበረበት? እንዲያውም ዕዳዬን የምከፍልበት መንገድ እሱ አይመስልም? ብዕሩን አነሣሁና «ክሌመንት ሃርገሬቭ የተባልሁት እኔ» ድረስ ጻፍሁ። እዚያ ላይ ቆምሁ። ቡችላ ሊወስዱ ለመጡ ሰዎች ነውሩን አስቀድመህ የምትናገር ሰው ነበርህ። አንድ ጊዜ ከከተማ ለመጣ ሐኪም «ይቺ የጠመንጃ ድምፅ ሳትፈራ አትቀርም፤ ሳልነግርዎት አይውሰዷት» ስትለው፣ ሰውየውም ባዶ እጁን ሲመለስ አይቻለሁ። በእነዚያ ቡችሎች ላይ የሚጻፈው የእኔ ውሸት ይሆናል፤ የሚጠሩት ግን በአንተ ስም ነው። ይህን አሰብሁ። ወይም ዛሬ ያሰብሁት ይመስለኛል፤ ምናልባት እንዲሁ እጄ እንቢ ብሎኝ ይሆናል። አላውቀውም።

የጻፍሁት ይህን ነው። «ክሌመንት ሃርገሬቭ የተባልሁት እኔ ዶራ የተባለችውን ክለምበር ስትሠራ አላየኋትም። እናቷንም አያቷንም አላየሁም። ባለቤታቸው በየዓመቱ ሲጠራኝ አልሄድሁም። በ1969 ስለዚህ ዘር የጻፍሁት ሳላይ የጻፍሁት ነው።» ፈርሜ ሰጠሁት።

ሬጅ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ይህ ስለ እርስዎ ነው፤ ስለ እሷ አንድ ቃል የለበትም» አለኝ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ፤ ለዶራ ከምሳው የተረፈውን ሥጋ አጎረሳት፤ ከባድ ስለሆነችና እኔ ስለማልችላት ራሱ አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባልኝ። «ሚስተር ኖርማን ኦድሊንግን ሰላም ይበሉልኝ» ብሎ በሩን ዘጋ። ከስምንት ቀን በኋላ ጊዜዋ አለፈ።

ከዚያ መጦሪያው ውስጥ የሆድ በሽታ ገብቶ ለሦስት ሳምንት ለጠያቂ ተዘጋ። ልንገርህ፤ ደስ አለኝ። የአለመናገር ፈቃድ ያገኘሁ መሰለኝ። ባለፈው ሐሙስ ሲከፈት ዶራን ይዤ መጣሁ። አንተ ራሷን ጉልበትህ ላይ አስደገፍህ፤ ጠባቂ ሆነህ በኖርህበት ዘመን ሁሉ እንደምታደርገው ደኅናውን እጅህን ከሆዷ ሥር አስገብተህ በጣትህ ጫፍ ዳሰስሃት። ቀና ብለህ አየኸኝ። በዐይንህ የጠየቅኸኝን ለመረዳት ቃል አላስፈለገኝም። አርግዛለች ወይ ነበር ያልኸኝ፤ እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

ፊትህ ላይ የሆነውን እንዳየሁ ወንበሬን አንቀሳቅሼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ጊሊያን ተከትላኝ መጣች፤ ራሴን ስነቀንቅ አይታኝ ነበር፤ የሬጅን እንቢታም ታውቃለች። እንደሚቆጣ ሰው ሳይሆን እንደሚለምን ሰው ነበር የያዘችኝ። «ይተዉት፣ አጎቴ ክሌም። ከጥቅምት ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየሁትም። ይተዉለት» አለችኝ። ቡችሎቹ የሚወለዱበት ጊዜ ሲደርስስ ብዬ ጠየቅኋት። «ያን ጊዜ አንድ ነገር እንላለን» አለች። አንድ ነገር ማለት ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም።

እኔ ግን እጅህን አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ ይዳስሳታል፤ ከዚያም ወዲያ ባለው ሐሙስ ይዳስሳታል። እስከ ዛሬ ስለ ውሻ ተሳስቶ የማያውቅ እጅ ነው፤ ከሆዷ ባዶነት ይልቅ የእኔን ራስ ንቅናቄ እንዲያምን ነው ያደረግሁት። ቀን በቀን እያሰላህ፣ መናገር ሳትችል፣ የእኛን ፊት እያየህ እንድትጠብቅ ትቼህ መሄድ አልችልም። ደስታህን ልነጥቅህ ደግሞ ምን መብት አለኝ? ሁለቱን ስመዝን አራት ቀን ሆነኝ። ዶራ ከእሳቱ ፊት ተኝታለች፤ እኔ የጻፍሁላትን ቦታ ይዛ፤ ልመለከታት አልደፍርም።

ጊሊያን ደብዳቤውን ላንብብለት ወይ ብትለኝ አልሰጣትም። ስለ አንተ ሥራ የጻፍሁትን ሁሉ ሌሎች ሰዎች ሲያነቡት ኖረዋል፤ ይህን ራሴ ነኝ የማነብልህ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ዶራን ካንተ ጎን አስቀምጣታለሁ፤ መነጽሬን አደርጋለሁ፤ ከ«ውድ ኖርማን» ጀምሬ እስከዚህ መስመር ድረስ ሳልዘል አነባለሁ። ፊትህን ወደ ግድግዳው ብታዞር አላቋርጥም። ብታለቅስም አላቋርጥም፤ ካቋረጥሁ ዳግመኛ አልጀምረውም። ካነበብሁ በኋላ የማደርገውን ግን አላውቅም፤ የምጽፈው ስለሌለ እጄን ባዶውን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ሂድ እስክትለኝ ድረስ።

ወዳጅህ ለመባል ፈቃድህን የሚጠብቅ፣

ክሌመንት